ቀን ይቅደም ወይስ ወር

የቀንና የሰዓት አጻጻፍ አስተካካይ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ። (በቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ የአጀንዳ 1 ጉዳይ ስለሆነ፣ እልባት እስኪያገኝ ቦታው ክፍት እንዲተው ሰብሳቢው አዘዋል።)

ቦታ፦ የድርጅቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ የወረቀት ማባዣው ያለበት ክፍል። ትልቁ አዳራሽ ቀለም እየተቀባ ነው።

ሰዓት፦ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ተጀምሯል።

የተገኙ አባላት፦

1. የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. ዋና ፕሮግራመር፤ ክሊኒኮች ለታካሚ ቀጠሮ የሚሰጡበትን ፕሮግራማችንን ከስድስት ዓመት በፊት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የጻፉ
3. የንድፍ ባለሙያ፤ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚነካቸውን ቁልፎችና ምልክቶች የሚስሉ
4. ተርጓሚ፤ በቁልፎቹ ላይ የሚነበበውን የሚጽፉ
5. የደንበኞች ስልክ መላሽ፤ ቁልፎቹ ያልገቡት ሰው ሲቆጣ የሚያዳምጡ

ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራቸው የተገኙ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ። ለዚህ ኃላፊነት የተመረጠችው ወረቀት ልታመጣ በወጣችበት አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

በታዛቢነት፦ የስልክ መላሿ አክስት። ሥራቸው ልብስ ስፌት ሲሆን በዓይን ሞራ ምክንያት ቀዶ ሕክምና እየጠበቁ ይገኛሉ። ቀጠሮ የያዙት የእኛን ፕሮግራም ከሚጠቀም ክሊኒክ ነው። በስብሰባው ሁሉም «እትዬ» ስላሏቸው ቃለ ጉባኤውም እንደዚያው ይላቸዋል።

ያልተገኙ፦ የሽያጭ ኃላፊና የቅርንጫፍ ተወካይ። ጥሪው የተላለፈው በራሱ በፕሮግራሙ ሲሆን፣ የሽያጭ ኃላፊው ከሁለት ወር በኋላ እንደሚገኙ በአክብሮት አረጋግጠዋል። የቅርንጫፍ ተወካዩ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ስለ ቆጠሩት ጎህ ሳይቀድ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው ሃምሳ ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ «ማንም የለም፣ ተኝቻለሁ» የሚል መልእክት ትተዋል። ሌሎቹ የተገኙት ጸሐፊዋ በየጠረጴዛቸው ዞራ በአፏ ስለ ነገረቻቸው ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ በቀንና በሰዓት ምክንያት የሚቀርበው አቤቱታ በመብዛቱ የበላይ አመራሩ እንደ ተቆጣ ገልጸው፣ ዛሬ ይህ ጉዳይ ከሥሩ ተነቅሎ ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ እንደማይሄድ አሳስበዋል። አራት አጀንዳዎችም አስመዝግበዋል። ስልክ መላሿ የአክስታቸው ጥያቄ የአንድ ደቂቃ ስለሆነ ቅድሚያ እንዲሰጠው ቢጠይቁም፣ ሰብሳቢው የግለሰብ ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚለው በአጀንዳ 4 ሥር እንደሚታይ፣ ሥርዓት ደግሞ ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። እትዬ ምንም አይደለም ብለው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

አጀንዳ 1፦ የቀን አጻጻፍ ቅደም ተከተል

ዋና ፕሮግራመሩ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ መጨረሻ ላይ ቀን መጻፍ እንዳለበት አስረድተዋል። ምክንያታቸውም እንዲህ የተጻፈ ዝርዝር በራሱ ጊዜ ተራ ስለሚይዝ ነው። ስልክ መላሿ በበኩላቸው ስልክ የሚደውልላቸው ሰው እንጂ ዝርዝር እንዳልሆነ፣ ሰው ደግሞ «ልጅሽ መቼ ተወለደች?» ሲባል ከዓመቱ እንደማይጀምር ተናግረዋል። የንድፍ ባለሙያው የትኛውም ይቅደም ግድ እንደሌላቸው፣ ነገር ግን በቁጥሮቹ መካከል ያለው ዘመም ያለ ሰረዝ ዓይን የሚወጋ በመሆኑ በነጥብ እንዲተካ ጠይቀዋል። ተርጓሚዋ ወሩ በስሙ ቢጻፍ ክርክሩ በሙሉ እንደሚቀር ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ይህ ለአንድ ሰዓት ውይይት የተያዘን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመዝጋት የሚደረግ ሙከራ ነው በማለት ሐሳቡን ለጊዜው አቆይተውታል።

እዚህ ላይ ዋና ፕሮግራመሩ፣ የሀገሩ ልማድ የትኛው እንደሆነ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ቅንብር በራሱ እንደሚያነብ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ እንደሆነ ገልጸዋል። የእኛስ ኮምፒውተሮች ምን ላይ ተቀናብረዋል ተብለው ሲጠየቁ፣ ሲገዙ የነበሩበት ላይ ማለትም ወርን በማስቀደም ላይ እንደሆኑ መልሰዋል። የማን ሀገር ልማድ ነው ለሚለው ጥያቄ፣ የሻጩ ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት ሦስቱም አጻጻፎች በምሳሌ ቀርበውለት አንዱን እንዲመርጥ በአራት ድምፅና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። የንድፍ ባለሙያው ምሳሌዎቹን እዚያው ሰሌዳው ላይ ጽፈው አሳይተዋል። ለምሳሌ የመረጡት የአራተኛውን ወር አራተኛ ቀን ስለሆነ፣ ቀን ያስቀደመውና ወር ያስቀደመው ምርጫ በምን እንደሚለዩ ስልክ መላሿ ጠይቀዋል። የንድፍ ባለሙያው በቀለም እንደሚለዩ ገልጸዋል።

አጀንዳ 2፦ ሰዓት ከየት እንደሚቆጠር

ተርጓሚዋ፣ ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥር ሰውና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ሰው 3:00 የሚለውን እኩል እንደሚያነቡ፣ ግን ስድስት ሰዓት ተራርቀው እንደሚመጡ በሰፊው አብራርተዋል። አንደኛው ጠዋት መጥቶ ክሊኒኩ ደጅ ላይ ይውላል፤ ሌላኛው ከምሳ በኋላ መጥቶ ተራህ አልፏል ይባላል። የቅርንጫፍ ተወካዩም ለዚህ ሕያው ምስክር ናቸው ብለዋል። ሰብሳቢው ተወካዩ በሌሉበት ስማቸው እንዳይነሳ አስጠንቅቀዋል።

የንድፍ ባለሙያው ቃል ሳያስፈልግ በሥዕል መግባባት እንደሚቻል ገልጸው፣ ለቀን ፀሐይ፣ ለሌሊት ጨረቃ፣ ለንጋትና ለምሽት ደግሞ ግማሽ ፀሐይ ስለዋል። ግማሿ ፀሐይ እየወጣች ይሁን እየጠለቀች በምን ይታወቃል የሚል ጥያቄ ተነስቷል። የምትወጣዋ ፈገግ እንድትል፣ የምትጠልቀዋ ደግሞ ዓይኗን እንድትጨፍን የንድፍ ባለሙያው ሐሳብ አቅርበዋል። ዋና ፕሮግራመሩ ከስድስት ዓመት ድካም በኋላ ፕሮግራማቸው ውስጥ ፈገግ የምትል ፀሐይ ከሚገባ ሥራቸውን ቢለቁ እንደሚመርጡ ተናግረው፣ ይህ ንግግራቸው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ጥያቄው ተመዝግቧል።

የሥዕሉ ግልጽነት በገለልተኛ ሰው ይመዘን በመባሉ ታዛቢዋ ተጠይቀዋል። እትዬ ወደ ሰሌዳው ዞረው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ የሚታየኝ ነጭ ነገር ላይ ቢጫ ነገር ነው ብለዋል። አስተያየቱ ከሥዕሉ ጥራት ጋር እንደማይያያዝ ለንድፍ ባለሙያው ተገልጾላቸዋል። ባለሙያው ግን እስከ ምሳ ድረስ አልተናገሩም።

ከረጅም ውይይት በኋላ አራቱም ሥዕሎች ሥራ ላይ እንዲውሉ በሦስት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።

ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል የምሳ ዕረፍት ሆኗል።

አጀንዳ 3፦ «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ጽሑፍ ቁልፉ ውስጥ አለመግባቱ

የንድፍ ባለሙያው ተርጓሚዋ ሆን ብለው ረጃጅም ቃላት እንደሚመርጡ በመግለጽ ጽሑፉ እንዲያጥር ጠይቀዋል። ተርጓሚዋ ቋንቋውን የፈጠሩት እሳቸው እንዳልሆኑ፣ ቁልፉን ያጠበቡት ግን ማን እንደሆነ እንደሚታወቅ መልሰዋል። የንድፍ ባለሙያው «ኋላ» የሚለው ብቻውን እንደሚበቃ ጠቁመዋል። ተርጓሚዋ «ሦስት ሰዓት ኋላ» የሚል ካርድ የደረሰው ሰው ሦስት ሰዓት አርፍዶ ቢመጣ ማን ይጠየቃል ብለዋል። ንግግሩ ከዚህ በኋላ ከአጀንዳው ወጥቶ ባለፈው ዓመት ስለተሰበረ ኩባያ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ክርክሩ በቀጠለበት ጊዜ እትዬ አጠገባቸው ያለውን የመስኮት መጋረጃ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰው፣ እጥፋቱ ስለላላ በቅርቡ እንደሚተረተር ለጸሐፊዋ በሹክሹክታ ነግረዋታል። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ ስታይ እንዳሉት ሆኖ አግኝታዋለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቁልፉ በሁለት ጣት ስፋት እንዲለጠጥ፣ ጽሑፉም በሁለት ፊደል እንዲያጥር፣ የትኞቹ ሁለት ፊደላት እንደሚወጡ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወስኗል። አባላቱ የንድፍ ባለሙያውና ተርጓሚዋ ናቸው። ሁለቱም እርስ በርስ የሚገናኙት በጽሑፍ ብቻ እንዲሆን አመልክተው ተፈቅዶላቸዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ፤ የአንዲት ታካሚ ጥያቄ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ስልክ መላሿ የአክስታቸውን የቀጠሮ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ካርዱ ላይ ከመለያ ቁጥሩ ሌላ «08/06፣ 3:00» የሚል ብቻ ታትሟል። ጥያቄው አንድ ነው፦ 3:00 የተባለው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? ቀኑ እንኳን ግልጽ ነው፣ በስምንተኛው ወር በስድስተኛው ቀን ነው፤ ገና ሁለት ወር አለ ብለዋል ስልክ መላሿ። በመሥሪያ ቤታችን ስክሪን ሁሉ ወር ስለሚቀድም ማንም በዚህ አልተከራከረም።

ሰብሳቢው ጊዜ ስላለ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቢተላለፍስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ ከተቀመጡበት መናገር ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ተፈቀደላቸው።

«እኔ ስብሰባ አላውቅም» አሉ። «ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር ታስገባልኝና ትራሱ ላይ ትሰካልኛለች። አሥሩ ካለቀ ቀኔ አለቀ። አንዳንድ ቀን በአምስት ሰዓት ይመሽብኛል። ሁለት ወር ከሆነ ሁለት ወር ነው፣ እጠብቃለሁ። ሰዓቱን ብቻ እንዳልስተው ንገሩኝ።»

ከዚያም ዋና ፕሮግራመሩ፣ ካርዱ የሚለው ምንም ይሁን፣ ቀጠሮው በመዝገቡ ውስጥ በአንድ ረጅም ቁጥር እንደሚቀመጥ፣ ያ ቁጥር ቀንም ወርም ሳይል ሰከንድ ብቻ ስለሚቆጥር እንደማይሳሳት አስረድተው፣ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው የካርዱን መለያ አስገቡ። እስከዚህ ሰዓት መዝገቡን ያላዩት ለምን እንደሆነ በኋላ ሲጠየቁ፣ አጀንዳ 4 ስላልደረሰ ነው ብለዋል።

ቁጥሩን ካዩ በኋላ ወረቀት ጠይቀው በእጃቸው አሰሉ። እንደገናም አሰሉ።

«እትዬ» አሉ፣ «ዛሬ ነው።»

ስልክ መላሿ በስምንተኛው ወር መሆኑን ደግመው ተናገሩ።

«የስድስተኛው ወር ስምንተኛ ቀን። ዛሬ ማለት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አሉ ፕሮግራመሩ። «የክሊኒኩ ኮምፒውተር ቀን ያስቀድማል። ካርድ የሚያትመውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ስጽፈው አጠገቡ ‹ለጊዜው› ብዬ ማስታወሻ ትቼ ነበር።»

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። ክሊኒኩ ዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ምዝገባ እንደሚዘጋ፣ ያመለጠው ሰው የሚቀጥለው ተራ እስኪደርሰው አምስት ወር እንደሚፈጅ ስልክ መላሿ አስረድተዋል። ሰብሳቢው በዚህ ጉዳይ ሐሳብ ያለው እጁን እንዲያወጣ ሲጠይቁ፣ እትዬ ቦርሳቸውን ይዘው ተነስተው ነበር።

ስብሰባው ሳይዘጋ ቦታው ብቻ እንዲቀየር ያለ ውይይት ተወስኗል። በዕለቱ ያለ ውይይት የተወሰነው ይህ ብቻ ነው።

አጀንዳ 5 (በመንገድ ላይ የተያዘ)፦ የሌሎች ታካሚዎች ጉዳይ

ስብሰባው በሰብሳቢው መኪና ውስጥ ቀጥሏል። እትዬ ከፊት፣ አራቱ አባላት ከኋላ ሲቀመጡ ምልዓተ ጉባኤው በኋለኛው ወንበር ተሟልቷል። ጸሐፊዋ በተርጓሚዋና በንድፍ ባለሙያው ጉልበት ላይ እኩል ተከፋፍላ ስለምትጽፍ የእጅ ጽሑፏ ከዚህ በኋላ ይቅርታ ይደረግለት።

ዋና ፕሮግራመሩ ኮምፒውተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ከፍተው፣ ለዛሬ ከሰዓት በዚያው ክሊኒክ ቀጠሮ የተሰጣቸው አሥራ አንድ ሰዎች እንዳሉና የሁሉም ካርድ በዚያች መስመር እንደታተመ አሳወቁ። ሰብሳቢው በቀይ መብራት ላይ ቆመው ሳለ፣ አሥሩ ሰዎች አሁን ቤታቸው ቁጭ ብለው ሁለት ወር ቀረኝ እያሉ ይሆን ሲሉ ጠየቁ።

ስልክ መላሿ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ሰው ደውለው ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ የት እንዳሉ ጠየቁ። ሰውዬው ክሊኒኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳሉ፣ የት ይሁኑ ታዲያ፣ ቀጠሯቸው ዛሬ አይደለም ወይ ብለው መለሱ። ሁለተኛዋም እዚያው ነበሩ። ሦስተኛው ስልካቸውን ያነሱት ሁለተኛዋ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዋና ፕሮግራመሩ ይህ ሊሆን እንደማይችል ተናግረዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ክሊኒኩ በር ላይ ተደርሷል። የንድፍ ባለሙያው እትዬን በግራ፣ ተርጓሚዋ በቀኝ ደግፈው ደረጃውን አውጥተዋቸዋል። በጽሑፍ ብቻ የመገናኘት ፈቃዳቸውን ስለመጠቀማቸው ማስረጃ የለም፤ «ቀስ በል»፣ «አንቺ ቀስ በይ» ሲባባሉ ተሰምተዋል።

በሩ ላይ የተቀመጡት ነርስ እትዬን በስማቸው ጠርተው፣ አሥራ አንደኛዋን ሰው ሲጠብቁ እንደቆዩ ተናግረው ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረጉ። ስልክ መላሿ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ታይተዋል።

ዋና ፕሮግራመሩ ሌሎቹ አሥሩ ቀኑን እንዴት እንዳወቁ ጠየቁ። ነርሷ አጠገባቸው የነበሩትን ሰው ካርድ ተቀብለው ገልብጠው አሳዩአቸው። በጀርባው በእስክሪብቶ፣ ትልልቅ አድርገው «ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ብቻዎን አይምጡ» ብለው ጽፈውበታል። ካርድ በተሰጠ ቁጥር ቀን ቆጥረው እንዲህ የሚጽፉት እሳቸው ሲሆኑ፣ እትዬ ካርድ በወሰዱበት ሳምንት ብቻ ፈቃድ ላይ ነበሩ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት እንዲህ ሲጽፉ?» አሉ ፕሮግራመሩ።

«ፕሮግራማችሁ ከመጣ ጀምሮ። ስድስት ዓመት።»

ለድርጅቱ ለምን እንዳላሳወቁ ሰብሳቢው በትሕትና ጠየቁ። ነርሷ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የአስተያየት ቅጽ በየዓመቱ እንደሚሞሉ፣ ቅጹ ግን ቀን ሲጻፍበት «የተሳሳተ ቀን» እያለ እንደሚመልሰው ተናገሩ።

እትዬ በአራተኛ ተራ ተጠርተው ገብተዋል። ሲገቡ ወደ ስልክ መላሿ ዞረው፣ «አታልቅሺ ልጄ፣ ያንቺ ዓይን ምን አደረገ» ብለዋል።

ዋና ፕሮግራመሩ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ካርድ የሚያትመውን መስመር እንደገና መጻፍ ጀመሩ። ተርጓሚዋ አጠገባቸው ሆነው ከነርሷ ጽሑፍ ላይ ቃሉን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ አነበቡላቸው። የንድፍ ባለሙያው ሳይጠየቁ ዘመም ያለውን ሰረዝ ከካርዱ፣ ፀሐዮቹን በሙሉ ደግሞ ከንድፋቸው አውጥተው ፊደሉን አተለቁት። ጸሐፊዋ እንደቆጠረችው ሥራው ስምንት መስመር ፈጅቶ ወዲያው ወደ ክሊኒኩ ኮምፒውተር ተልኳል። ሰብሳቢው ለሁሉም ውኃ ገዝተው አድለዋል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ወጡ። ሐኪሙ ነገ ተመልሰው እንዲመጡ ስላዘዟቸው ነርሷ አዲስ ካርድ አተሙ። ካርዱ «ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ብቻዎን አይምጡ» ይላል። ነርሷ አንብበው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ከዚያ ካርዱን ገለበጡና እስክሪብቶ አውጥተው ያንኑ ቃል በጀርባው ጻፉበት።

«ምን ጎደለው?» አሉ ፕሮግራመሩ።

«ምንም አልጎደለውም፣ ልክ ነው። እስክለምደው ድረስ ነው።»

ፕሮግራመሩ ይህንን እንደ ውዳሴ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

የመጨረሻ ውሳኔ

በክሊኒኩ መተላለፊያ በቆመ ጉባኤ፣ በአጀንዳ 1 ስለ ሦስቱ አጻጻፎች፣ በአጀንዳ 2 ስለ አራቱ ሥዕሎች፣ በአጀንዳ 3 ስለ ቁልፉ መለጠጥና ስለ ሁለቱ ፊደላት የተወሰኑት ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ንዑስ ኮሚቴው ፈርሷል። ሥራው አልቆ ስለተገኘ ዋናው ኮሚቴም እንዲፈርስ ሐሳብ ቀርቦ በአራት ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። ድምፅ ከመስጠት የታቀቡት ሰብሳቢው ሲሆኑ፣ ለበላይ አመራሩ ስምንት መስመር ብቻ ይዤ እንዴት እቀርባለሁ ብለዋል። እትዬ ክንዳቸውን ይዘው፣ እኔን ይዘውኝ ይቅረቡ ብለዋቸዋል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል።